የቤት ሥራ 10 ከ10፣ ፈተና 7 ከ20፦ የአንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ የእንግሊዝኛ ጉዳይ

ጉዳዩ እንዴት እኔ ጋ መጣ

ኅዳር መጀመሪያ ላይ ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት። አንዲት ጎረቤቴ በሬን አንኳኳች። በአንድ እጇ የልጇን የእንግሊዝኛ ደብተር፣ በሌላው የፈተና ወረቀት ይዛለች። ገና ሳትቀመጥ ደብተሩን ገለጠችልኝ። የቤት ሥራ፣ 10 ከ10። ቀጥሎ ያለውም 10 ከ10። ሦስተኛው 9። የሚድ ፈተናው ወረቀት ላይ ግን በቀይ እስክርቢቶ 7 ከ20 ተጽፏል።

«ቲቸር፣ ይሄ የአንድ ልጅ ሥራ ነው? እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ» አለችኝ።

ለዓመታት የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህር ነበርኩ። አሁን ሌላ ሥራ ላይ ብሆንም ማታ ማታ የግቢያችንን ልጆች አስጠናለሁ። በቤት ሥራና በፈተና መካከል እንዲህ ዓይነት ክፍተት ከዚህ በፊትም አይቻለሁ። ይህኛውን ለመጻፍ የመረጥኩት የሄድንበትን መንገድ ከሳምንት ሳምንት ስለመዘገብኩት ነው። መጀመሪያ ላይ እኔም ስለተሳሳትኩ እሱንም ማስቀመጥ ፈለግሁ። እናትየዋም ልጅቷም እንድጽፈው ፈቅደዋል። የሰውም የትምህርት ቤቱም ስም አይነሳም።

ልጅቷና ቤቷ

ልጅቷ 15 ዓመቷ ነው። ዝምተኛ ናት፤ ግን የሰማችውን አትጥልም። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። አባቷ በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ይነዳል፤ በወር ውስጥ ቤቱ የሚያድረው ጥቂት ቀን ነው። ታላቅ ወንድሟ ክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ የሚያግዛት ሰው የለም።

ፊደል የቆጠረችው በአማርኛ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች የመጀመሪያ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ሲያደርግ፣ ሁለተኛ ደረጃው ግን በእንግሊዝኛ ቀጠለ። ልጅ በገዛ ቋንቋው መጀመሩን እኔ ከልቤ እደግፋለሁ። የሚያሳስበኝ መሸጋገሪያው ነው። 9ኛ ክፍል ስትገባ ባዮሎጂውም፣ ጂኦግራፊውም፣ ታሪኩም በእንግሊዝኛ ሆነ። አንድ ገጽ አንብባ ካልገባት የምትጎዳው በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ብቻ አይደለም።

እናትየዋን እንቅልፍ የነሳት ደግሞ የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ሲጀምር፣ በ2014 ዓ.ም. ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ፈተና 3.2 በመቶ ሆነ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ስልክ የለም፤ ወንድምም የለም።

አሥሩ ከየት መጣ

ልጅቷን ብቻዋን አስቀምጬ ጠየቅኳት። እንደማልቆጣት ነገርኳት፤ አልተቆጣሁምም። ሁሉንም አንድ በአንድ ነገረችኝ።

ጥያቄውን በስልክ ፎቶ አንስታ ለወንድሟ በቴሌግራም ትልካለች። እሱ ሲመቸው «1 ሲ፣ 2 ኤ፣ 3 ዲ» ብሎ ይመልሳል። እሱ ካልተገኘ የክፍሉ ልጆች ግሩፕ አለ። አንድ ጎበዝ ሠርቶ ይለቀዋል፤ ሌላው ይገለብጣል። ሁለቱም ካልሆነ ፎቶ ሲላክለት መልስ የሚሰጥ አፕ አለ። አንድ ጊዜ ግሩፑ ላይ የተለቀቀው መልስ ውስጥ «ቢጊኒንግ» የሚለው ቃል አንዲት «ኤን» ጎድላው ነበር። በማግስቱ የክፍሉ ደብተር ሁሉ ላይ ያችው «ኤን» ጎደለች። መምህሯ ነገሩን ያወቀችው በዚህ ነው።

ልጅቷን ሰነፍ ማለት አይቻልም። መልሱን በጥራት ትገለብጣለች፤ ገጹን በማስመሪያ ታሰምራለች። ሥራው ይህ መስሏታል። ማንም ሌላ ነገር አሳይቷት አያውቅም።

ከዚያ 10 ከ10 ያገኘችበትን የሳምንት በፊት የቤት ሥራ መልሱን ሸፍኜ መልሼ ሰጠኋት። 3 አገኘች። እያንዳንዱን ስህተት «ይህን ለምን መረጥሽ?» እያልኩ ስጠይቃት ሦስት ነገር ታየኝ። አንደኛ፣ በምንባብ ጥያቄ ላይ የምትመልሰው ከምንባቡ ሳይሆን ከምታውቀው ነው፤ ወይም ጥያቄው ውስጥ ያለ ቃል ምንባቡ ውስጥ ካየች እሱን ትይዛለች። ሁለተኛ፣ «ሂ»፣ «ዜይ»፣ «ኢት» ማንን እንደሚተኩ አትከታተልም። ሦስተኛ፣ ግራመሩን በቀመር ሸምድዳለች፤ ቀመሩን መቼ እንደምትጠቀምበት ግን አታውቅም። «ሃቭ ሲደመር ሦስተኛው ቨርብ» ትልሃለች። ለምን ብትላት ዝም ነው።

መጀመሪያ የተሳሳትኩት

ሁለት ሳምንት አጠፋሁ። የመጀመሪያውን ሳምንት የያዝኩት እንደ ክፍል ትምህርት ነው። ሰሌዳ ሰቅዬ ቴንሶቹን ሁሉ በሰንጠረዥ አስቀመጥኩ። እሷ ጻፈች፤ ራሷን ነቀነቀች። ሌላ ደብተር ሞላ እንጂ ምንም አልተለወጠም።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ የሠራሁት ይባስ ነበር። ምንባቡን ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ወደ አማርኛ መለስኩላት። ጥያቄዎቹን ሁሉ በትክክል መለሰች። ደስ አለን፤ እናትየዋ ቡና አፈላች። በሦስተኛው ቀን ሌላ ምንባብ ሰጥቼ ዝም አልኩ። እሷም ዝም ብላ ታየኛለች፤ እንድተረጉምላት እየጠበቀች ነው። ያን ጊዜ ገባኝ። ያነበብኩት እኔ ነበርኩ። ወንድሟ በቴሌግራም ይልክ የነበረውን እኔ ፊት ለፊት ተቀምጬ እያቀበልኳት ነበር።

የአበበ ቢቂላ ምንባብ

ነገሩ የተለወጠው መምህሯ በሰጠቻት አንድ ወርክሺት ላይ ነው። ምንባቡ ስለ አበበ ቢቂላ የሮም ማራቶን ነበር። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ የገባበትን ውድድር ማን የማያውቅ አለ? አስቸጋሪ ያደረገውም ይኸው ነው።

አንዱ ጥያቄ «በምንባቡ መሠረት አበበ በባዶ እግሩ የሮጠው ለምንድን ነው?» ይላል። እሷ «ቢኮዝ ሂ ወዝ ፑር» የሚለውን መረጠች፤ ድሃ ስለነበር።

«የት አለ? ጣትሽን አስቀምጪበት» አልኳት።

ፈለገች። ከላይ እስከ ታች ወረደች፤ ተመለሰች። የለም። ምንባቡ የሚለው አዲሱ ጫማ እግሩን ስላልተመቸው፣ በልምምድም በባዶ እግሩ መሮጥ ስለለመደ ነው።

«ግን ቲቸር፣ ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚለው» አለች።

«ሁሉም ሰው ይበል። ጥያቄው የጠየቀሽ ሁሉም ሰው የሚለውን ነው ወይስ ወረቀቱ የሚለውን?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ሕግ አወጣን። የምንባቡን መስመሮች በእርሳስ ትቆጥራለች። ከእያንዳንዱ መልስ ጎን መልሱ ያለበትን የመስመር ቁጥር ትጽፋለች። ቁጥር የሌለው መልስ፣ ትክክል ቢሆን እንኳ፣ እኔ ዘንድ አይቆጠርም።

በዚያው ምንባብ ሌላም ነገር አገኘን። አበበ እንዲጠነቀቀው የተነገረው ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም 26 ቁጥር ይለብሳል ተብሎ ነበር፤ በውድድሩ ዕለት ግን 185 ለብሶ ሮጠ። ምንባቡ አበበ 26 ቁጥርን እየፈለገ መሮጡን፣ ራዲ ግን 185 ለብሶ እዚያው ጎኑ መሆኑን ይነግርና «ሂ ዲድ ኖት ኖው ዚስ» ይላል። ጥያቄው «ሂ» ማንን ይተካል? ነው። እሷ «ራዲ» አለች። ቅርብ ያለው ስም እሱ ነዋ።

እንዴት እንዳሰበችው እንድትነግረኝ ጠየቅኳት። «በሆዴ ወደ አማርኛ መለስኩት። ‹ይህን አላወቀም› ይላል» አለች። እዚህ ላይ ቆምኩ። አማርኛ ባለቤቱን ግሱ ውስጥ ነው የሚይዘው። «አላወቀም» ስትል «እሱ» የሚል ቃል አያስፈልግህም። ስለዚህ በሆዷ ስትተረጉም የተጠየቀችው ቃል ራሱ ይጠፋል። ለዓመታት ይህን ጥያቄ ሳስተምር ልጆች ለምን እንደሚስቱት እንዲህ ታይቶኝ አያውቅም።

መፍትሔው ቀላል ሆነ። «ሂ» ያለበት ቦታ ላይ ሁለቱንም ስም እየተኩ በአማርኛ ማንበብ ነው። «አበበ ይህን አላወቀም።» «ራዲ ይህን አላወቀም።» ራዲ የለበሰውን ቁጥር እንዴት አያውቅም? ራሷ ሳቀች። መልሱን አስተካክላ መስመሩን ጻፈች።

«አልበላሁም» ሁለት ነው

ግራመሩ ላይ ትልቁ ጣጣ በሲምፕል ፓስትና በፕረዘንት ፐርፌክት መካከል መምረጥ ነበር። ሰንጠረዡ እንዳልሠራ አይቻለሁ። በአማርኛ ጀመርኩ።

«አልበላሁም» የሚለውን ወደ እንግሊዝኛ መልሺው አልኳት። «አይ ዲድ ኖት ኢት» አለች። ልክ ነው። «አይ ሃቭ ኖት ኢትን» ብትልስ? እሱም ልክ ነው። አማርኛ «በላሁ» እና «በልቻለሁ» ብሎ ይለያል። ሲያፈርስ ግን ሁለቱም «አልበላሁም» ይሆናሉ። ልዩነቱ ከፊቱ በሚመጣው ቃል ይታወቃል። «ትናንት አልበላሁም» እና «እስካሁን አልበላሁም» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ያለቀ ጊዜ ነው። ሁለተኛው ክፍት ነው፤ አሁንም ልበላ እችላለሁ።

ስለዚህ መፈተኛ አበጀን። ዓረፍተ ነገሩን በአማርኛ ስታስበው «ያኔ» ከገባበት ሲምፕል ፓስት። «እስካሁን» ከገባበት ፕረዘንት ፐርፌክት። ሁልጊዜ አይሠራም። ስለ ጊዜ ምንም ፍንጭ የሌለው ዓረፍተ ነገር ሲመጣ ሁለቱም ይገባሉ፤ ያኔ ዙሪያውን ማንበብ ግድ ነው። ግን ለቤት ሥራው አብዛኛው ጥያቄ በቂ ነበር። ከሁሉ በላይ ምክንያት መስጠት ጀመረች። «‹የስተርደይ› ስላለ ‹ያኔ› ነው» ትላለች። ከዚያ በፊት «ሺ ሃዝ ካም የስተርደይ» የሚለውን ያለ ችግር ትጽፍ ነበር። በአማርኛ «ትናንት መጥታለች» እንላለንና ምንም አይጎረብጣትም።

በዚሁ መንገድ «አንለስ»ን አየን። እሷ የጻፈችው «አንለስ ዩ ዶንት ስተዲ፣ ዩ ዊል ፌይል» ነው። «ካላጠናሽ ትወድቂያለሽ» ለማለት ነው። «ካላጠናሽ» ውስጥ አንድ አፍራሽ አለ፤ «ላ» ያለችው። እንግሊዝኛው ያችን አፍራሽ «አንለስ» ውስጥ ውጧታል። «ዶንት» ሲጨመር ሁለት ጊዜ ፈረሰ ማለት ነው። በጣቷ «ላ»ን ነካች፣ ከዚያ «አንለስ»ን ነካች፤ «ዶንት»ን ሰረዘች። ይህን ጥያቄ ዳግም አልሳተችም።

ከአማርኛው የሚመጡ ሌሎች ስህተቶችም አሉ። «ከሁለት ዓመት ጀምሮ» ስለምንል «ሲንስ ቱ ይርስ» ይጻፋል። «ምንም እንኳ ቢዘንብም ግን ሄደች» የሚል ንግግር ስላለን «ኦልዞ» ብለን «በት» እንደግማለን። «ስለ ጉዳዩ ተወያዩ» ስለምንል ከ«ዲስከስ» በኋላ «አባውት» እንጨምራለን። እነዚህን ደብተሯ ጀርባ ላይ አማርኛውንና እንግሊዝኛውን ጎን ለጎን አድርጋ ትጽፋለች። «ዲስከስ» ለምን «አባውት» እንደማይፈልግ የማስረዳበት ምክንያት የለኝም፤ እሱን በቃሏ እንድትይዘው ነግሬያታለሁ።

የከበደውና ያልተሳካው

ይህ መንገድ ጊዜ ይበላል። 10 የምንባብ ጥያቄ በመስመር ቁጥር ለመሥራት አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጅባት ነበር። በዚያው ማታ 30 የግራመር ጥያቄ ደግሞ አለ። ሁሉንም መሥራት አልቻለችም። 10 በደንብ ሠርታ ሌላውን ባዶ እንድትተወው ተስማማን። ይህ ነጥብ ያስቀንሳል፤ ቀነሰም። የቤት ሥራ ነጥቧ ከ10 ወደ 5 እና 6 ወረደ።

እናትየዋ መጣች። «ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ልጅቷ እየባሰባት ነው እንዴ?» አለችኝ። ሁለቱን ደብተር አስቀምጬ አሳየኋት። ባለ 10ሩ ላይ ምክንያት የለም። ባለ 5ቱ ላይ ከእያንዳንዱ መልስ ጎን የመስመር ቁጥር አለ። ልጅቷን ጠርቼ አንዱን ጥያቄ በአማርኛ ለእናቷ እንድታስረዳ አደረግኩ። እናትየዋ እንግሊዝኛውን ባታውቅም ልጅቷ የምትለው ገባት። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ልብስ እየሰፋች «የት አለ? አሳዪኝ» የምትላት እሷ ሆነች።

ወንድምየውን በስልክ አገኘሁት። ክፉ ልጅ አይደለም፤ እህቱን መርዳቱ ነበር። መልስ መላኩን ትቶ «ስንተኛው መስመር ላይ ነው?» ብሎ እንዲመልስላት ለመንኩት። አንዳንዴ እየረሳ ቢልክላትም በአመዛኙ ቃሉን ጠበቀ። አፑን አላስከለከልኩም። እሷ ከሠራች በኋላ ለማረም እንድትጠቀምበት ነው የተስማማነው። አፑ የሚሰጠው ማብራሪያ እሷ ከምታነበው ይልቅ ከባድ እንግሊዝኛ ስለሆነ ብዙ አልጠቀማትም።

መምህሯንም ሄጄ አነጋገርኩ። ክፍሏ ውስጥ ከ50 በላይ ልጅ አለ። ሁሉንም ማረም እንደማትችል ነገረችኝ፤ እውነቷን ነው። ነገር ግን የመስመር ቁጥሩን ስታይ ወደደችው፤ ለሌሎቹም አዘዘች። ግማሹ ክፍል ቁጥሩንም መገልበጥ ጀመረ። ቢሆንም መምህሯ አልተወችውም፤ አንድ ልጅ ጠርታ «ይህን መስመር አንብብልኝ» ማለት እንደሚበቃት ነገረችኝ።

ያልተሳካው የቃላት ጥያቄ ነው። «በመስመር 8 ያለው ቃል ትርጉሙ ምንድን ነው?» ሲባል አሁንም ትገምታለች። በመጀመሪያ ያላወቀችውን ሁሉ በመዝገበ ቃላት እንድታይ አድርጌ ነበር። ምንባቡ ሳያልቅ ደከማት፤ ተውነው። አሁን በምንባብ ሦስት ቃል ብቻ እንመርጣለን። ቀጥታ ያልተጻፈውን ከተጻፈው ማውጣትም ገና ነው። የመስመር ሕጋችን ለእሱ አይመችም፤ መልሱ አንድ መስመር ላይ የለምና። ሁለትና ሦስት መስመር እንድትጽፍ እየሞከርን ነው።

ውጤቱ

ጥር መጨረሻ ላይ የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ተሰጠ። ከምንባብና ከግራመር ክፍሉ 20 ነጥብ 13 አገኘች። ከ7 ወደ 13 ነው። የቤት ሥራ ነጥቧ ደግሞ ከ10 7 አካባቢ ላይ ቆሟል። ሁለቱ ቁጥሮች መቀራረባቸው ከ13ቱ በላይ ደስ አሰኝቶኛል። ደብተሩ አሁን እውነቱን ይናገራል። የፈተና ወረቀቷ ጥግ ላይ በእርሳስ የተጻፉ ጥቃቅን የመስመር ቁጥሮች አሉ። ማንም አላዘዛትም።

ለሌላ ቤት የሚሆነው

ልጅ ጥያቄ ይዞ ሲመጣ መልሱን መንገር ቀላል ነው፤ እኔንም ሁለት ሳምንት አታሎኛል። ዛሬ የምጀምረው «የት አለ?» በማለት ነው። ይህን ለመጠየቅ እንግሊዝኛ ማወቅ አያስፈልግም። ያችን እናት አይቼ ነው የምናገረው። እንግሊዝኛ አልችልም ብለው ከልጃቸው ደብተር የሚሸሹ ወላጆች ብዙ ናቸው። ልጁ ጣቱን አስቀምጦ በአማርኛ እንዲያስረዳ ማድረግ ይችላሉ። ማስረዳት ካቃተው አልገባውም ማለት ነው።

አማርኛውን ማባረርም አይጠቅምም። «በእንግሊዝኛ አስብ» ይባላል። ልጁ በአማርኛ ማሰቡን አይተውም፤ ተደብቆ ያስባል፤ ስህተቱም እዚያው ተደብቆ ይቀራል። የእኔ ተማሪ «ይህን አላወቀም» ያለችውን ጮክ ብላ ባትነግረኝ ኖሮ የሳተችበትን ቦታ አላገኘውም ነበር። ሙሉ ምንባብ መተርጎም ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱን አልመክርም።

ጥያቄውን አስቀድሞ አንብብ የሚለው የተለመደ ምክርም ለሁሉ አይሆንም። ለዚህች ልጅ ቃል ማደን አስለመዳት። ምንባቡን አንድ ጊዜ ከላይ እስከ ታች ካነበበች በኋላ ወደ ጥያቄው መሄዱ ረድቷታል። ሰዓት በሚያጥርበት ፈተና ላይ ግን ጥያቄውን ማስቀደሙ ጎበዝ አንባቢን ይጠቅም ይሆናል።

የቤት ሥራ ነጥብ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መውረዱ አይቀርም። ይህን ለወላጅ አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። እኔ አልተናገርኩም ነበር፤ ያችን እናት ያለ ምክንያት አስጨነቅኳት።

አሁን ያለንበት

ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት የጀመረው ሪፖርትድ ስፒች በሚባለው ነው፤ የሌላ ሰው ንግግር ማውራት። ባለፈው ማክሰኞ «ነገ እመጣለሁ አለችኝ» የሚለውን ወደ እንግሊዝኛ እንድትመልስ ሰጠኋት። «ሺ ቶልድ ሚ ዛት አይ ዊል ካም ቱሞሮው» ብላ ጻፈች። እርሳሴን ላነሳ ስል እጄን ያዘችኝ።

«ቆይ ቲቸር፣ አይንገሩኝ።» አማርኛውን እንደገና አነበበች። ጣቷን «እመጣለሁ» ላይ አስቀመጠች። «እዚህ ላይ የምትመጣው እሷ ናት። ቃሉ ግን ‹እኔ› ነው የሚለው። እንግሊዝኛው ላይ ‹አይ› ካልኩ የምመጣው እኔ ልሆን ነው።»

«አይ»ን ሰርዛ «ሺ» ጻፈች። «ዊል»ን ትንሽ አየችውና ከሥሩ አሰመረችበት። እሱን ሐሙስ እንሠራዋለን።